ለአይስክሬም የተሠራ ሞተር

አበሻ የቆመ ሞተር ካየ መካኒክ ነው። መንገድ ዳር ኮፈኑን ከፍቶ የቆመ መኪና ካገኘ ጠጋ ብሎ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ “ባትሪው ነው” ሳይል አያልፍም። ሐይቅ መካከል የቆመ የጀልባ ሞተር ሲሆን ግን አላፊ አግዳሚ ስለሌለ ምርመራው ለተሳፋሪው ይቀራል፤ አራት ሰው ከተሳፈረ አራት በሽታ ይገኛል። አንዱ ካንዴላው ነው ይላል፣ አንዱ ካርቡሬተሩ ነው ይላል፣ ሌላው “ድሮም ይኼን ሞተር ዓይኑን አልወደድኩትም” ይላል፤ ይኼም እንደ ምርመራ ይቆጠርለታል። ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ተአምር ይታያል፤ አራቱም ይስማማሉ። “ብርዱ ነው!” እኔን የሚያስፈራኝ ይኼ ስምምነት ነው። አራት አበሻ አንድ ጀልባ ላይ ሆኖ በአንድ ነገር ከተስማማ፣ ነገሩ ውሸት መሆን አለበት።

የምንኖረው ሚኒሶታ ነው። የመኪናችን ታርጋ “10 ሺህ ሐይቆች” ይላል፤ ከ4 ሄክታር በላይ የሚሰፉት ብቻ ሲቆጠሩ ግን 11,842 ናቸው። ያገሬ ሰው ቢሆን 20 ሺህ ብሎ ይጽፍና የጎደለውን “ዝናብ ሲጥል ይሞላል” ይል ነበር፤ እዚህ ሰዉ ትሑት ስለሆነ 1,842ቱን ዝም ብሎ ተዋቸው። ከአገር ቤት የመጣ ሰው በዚህ ሁሉ ውሃ አጠገብ መጀመሪያ የሚያልፈው ካፖርቱን ቆልፎ ነው። በኋላ ቤት ይገዛል። ቤቱ ጋራዥ አለው፤ ጋራዡ ሁለት መኪና ይይዛል፤ መኪናው ግን አንድ ነው። ባዶ ቦታ ሰው ያሳስታል። ጓደኛችን፣ ከዚህ በኋላ ባለጀልባው እለዋለሁ፣ ያቺን ባዶ ቦታ ሲያያት፣ ሲያያት ከርሞ አንድ ቅዳሜ ያገለገለች የአሉሚኒየም ጀልባ ከነአሮጌ ሞተሯ ጎትቶ መጣ። ሚስቱ ያለችውን እዚህ አልጽፈውም።

ጀልባዋ የምትይዘው አራት ሰው ነው፦ ባለጀልባው፣ የባሕር ዳሩ ልጅ፣ ጋሼ እና እኔ። የባሕር ዳሩ ልጅ ጣና ዳር ስላደገ በውሃ ጉዳይ የመጨረሻው ቃል የሱ ነው ብሎ ያምናል። የደንገል ታንኳ መቅዘፉ ጀልባ ጀርባ ላይ ለሚታሰር አውትቦርድ ሞተር ምን እንደሚጠቅም ጠይቀነው አናውቅም፤ ይከፋዋል። ጋሼ ደግሞ በወጣትነታቸው በአሰብ መስመር ባለ ተሳቢ ይነዱ የነበሩ ሰው ናቸው። ሞተር ያውቃሉ፤ አሳምረው ያውቃሉ። የተማሩት ግን አፋር በረሃ ላይ ስለሆነ፣ በሳቸው ዘንድ ሞተር የሚሞትበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሙቀት ነው። ይኼን ያዙልኝ።

የዋልአይ ዓሣ ወቅት የሚከፈተው በፈረንጆቹ ሜይ፣ በኛ ግንቦት መግቢያ ላይ ባለ አንድ ቅዳሜ ነው። ከ1948 ጀምሮ የክፍለ ግዛቱ ገዥ ራሱ መንጠቆ ይዞ የሚወጣበት ትልቅ ቀን ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚውለው በእናቶች ቀን ዋዜማ ስለሆነ፣ ሐይቁ ላይ ካለው ወንድ የሚበዛው በአንድ እጁ መንጠቆ፣ በሌላው እጁ ስልክ ይዞ ይቅርታ ሲጠይቅ ታያላችሁ። ግንቦት ሲባል የኛ ሰው ፀሐይ ነው የሚታየው። እዚህ ግን በረዶው ከሐይቁ ላይ ከለቀቀ ገና ሳምንታት ናቸው፤ እንዲያውም ጨርሶ ሳይለቅ ወቅቱ የሚከፈትበት ዓመት አለ። እኛ ሚል ላክስ ሐይቅ ደረስን፣ ጀልባዋን አወረድን፣ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ዝም አለ። “ብርዱ ነው!” አልን፤ በአንድ ድምፅ፤ ጋሼ እንኳ ሳይቀሩ።

ብርድ ንጹሕ ነው አልልም። ቤንዚን ሲቀዘቅዝ ቶሎ አይተንም፣ ያልተነነ ቤንዚን ደግሞ አይቀጣጠልም፤ ቾክ የሚባለው ነገር የተፈጠረውም አየሩን አፍኖ ነዳጁን ለማብዛት ነው። ዘይት ይወፍራል። ባትሪም ይደክማል፤ ባትሪው ላይ የተጻፈችው የብርድ ማስነሻ ቁጥር የምትለካው ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ ነው። ይኼ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ግንቦት ላይ ከዜሮ በታች 18 የለም። ደግሞስ ከጎናችን ያሉት ፈረንጆች ያንኑ አየር እየተነፈሱ፣ በዚያው ውሃ ላይ፣ ሞተራቸውን አንድ ጊዜ ነክተው እየሄዱ አልነበረም እንዴ?

ጥፋተኛው ጥቅምት ነበር። እዚህ የሚሸጠው ተራ ቤንዚን 10 በመቶ ያህል ኤታኖል አለበት። ኤታኖል ውሃ ይወዳል፤ እርጥበት እየሳበ ይጠጣና ሲጠግብ ከነውሃው ከቤንዚኑ ተለይቶ ሰልባትዮው ግርጌ ይተኛል። ሞተሩ የሚጠባው ደግሞ ከግርጌ ነው። ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረችውም ጥቂት ቤንዚን ስድስት ወር ሙሉ እየተነነች ሙጫ ትሆንና ቀጫጭን ቀዳዳዎቹን ትደፍናቸዋለች። መድኃኒቱ በጥቅምት መጨረሻ፣ ጀልባዋ ወደ ጋራዥ ከመግባቷ በፊት፣ ቤንዚኑን ከመበላሸት የሚጠብቅ ፈሳሽ ጨምሮ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ ማስነሳት ነው። ወይም ደግሞ ኤታኖል የሌለበትን መቅዳት፤ ሚኒሶታ ውስጥ ለጀልባ፣ ለሞተር ሳይክልና ለጥንት መኪና ተብሎ ለብቻው የሚሸጥ አለ፤ ዋጋው ግን ወደድ ይላል። ባለጀልባው ጥቅምት ላይ “ለሚተኛ ሞተር ደግሞ ውድ ቤንዚን!” ብሎ ስቆ ነበር። ለካርቡሬተር ማጠቢያ የተጠየቀውን ሲሰማ ያ ቤንዚን ረከሰበት።

ካርቡሬተሩ ታጥቦ ስንመለስ ሞተሩ ተነሳ፤ ጨፈርን። ሐይቁ መካከል ደርሰን ግን ቀስ በቀስ ደከመና ጠፋ። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ስለ ኳሷ ልናገር። ከሰልባትዮ ወደ ሞተር በሚሄደው ጎማ መካከል በእጅ የምትጨመቅ ጥቁር የጎማ ኳስ አለች። ስትጨመቅ ነዳጅ ትገፋለች፤ መስመሩ ሲሞላ ትጠነክርና አልጨመቅም ትላለች። በእኔ እምነት ሞተሩ ላይ ካለው ዕቃ ሁሉ የማትዋሸው እሷ ብቻ ናት። ደጋግመው ጨምቀዋት ለስላሳ ሆና ከቀረች፣ ወይ ነዳጅ የለም ወይ አንድ ቦታ አየር እየገባ ነው። ጠፍጣፋ ሆና፣ ሁለቱ ጎኖቿ ተጣብቀው፣ አልመለስ ካለች ደግሞ ሰልባትዮው ትንፋሽ አጥቷል ማለት ነው፤ ሞተሩ እየጠባ፣ በምትኩ ግን የሚገባ አየር የለም።

ጋሼ በዚህ ጊዜ የሞተሩን ክዳን አንስተው ካንዴላ እየፈቱ ነበር። የባሕር ዳሩ ልጅ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ያጠናል። ባለጀልባው ሥራ ስላጣ ብቻ፣ በጭንቀት፣ ኳሷን ያሻሽ ነበር። እጁ ላይ ተጣብቃ ቀረች። ተያየን። የሰልባትዮውን ክዳን ስናየው በላዩ ያለችው የመተንፈሻ ቪቴ ግጥም ብላ ተዘግታለች። የዘጋት ራሱ ነው፤ ሚስቱ “ቤቱን ቤንዚን ቤንዚን አሸተትከው” ስላለችው ጋራዥ ውስጥ አጥብቆ ዘግቶ፣ ሐይቅ ላይ መክፈቱን ረሳ። በሁለት ጣት ሩብ ዙር ብትዞር ሰልባትዮው በረጅሙ ተነፈሰ። ጋሼ ካንዴላቸውን መልሰው እያጠበቁ “ካንዴላውም ቢሆን ቆሽሾ ነበር” አሉ። አልተከራከርናቸውም።

ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ሞተር መመርመር አደገኛ የሚሆነው በሞተሩ ምክንያት አይደለም፤ አራት መካኒክ በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ ሲሰበሰብ ጀልባዋ አፍንጫዋን ታነሳለች። በማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ የብርድን ነገር ሲመረምሩ የኖሩት ጎርደን ጊስብሬክት የሚያስተምሩት አንድ ቁጥር አለ፦ 1፣ 10፣ 1። በረዶ መሰል ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ትንፋሹን ለመቆጣጠር አንድ ደቂቃ አለው፣ እጅና እግሩ የሚታዘዙለት ወደ 10 ደቂቃ ነው፣ በብርዱ ራሱን እስኪስት ደግሞ ወደ አንድ ሰዓት። ይኼ ሁሉ ግን የሚሠራው ተንሳፍፎ ለቆየ ሰው ነው። ስለዚህ የነፍስ ማዳኛ ጃኬት የማይለብስ ሰው ጀልባዋ ላይ አይወጣም፤ ጋሼም ይለብሳሉ፤ ጋቢያቸው ላይ ደርበው። የሞተር ማጥፊያዋን ቀይ ገመድ እጃቸው ላይ ማሰር ግን አሻፈረኝ ብለዋል፤ “እኔ ፍየል ነኝ እንዴ?” ይላሉ። ያቺ ገመድ ቦታዋ ላይ ካልተሰካች ሞተሩ ጨርሶ አይነሳም። ካንዴላ ከመፈታቱ በፊት እሷን፣ ቪቴዋን፣ ኳሷን፣ ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑን ማየት ደቂቃ አይፈጅም። አበሻ ግን ከትንሹ መጀመር ይነውረዋል፤ ሞተር ወርዶ ካልተበተነ የታከመ አይመስለውም።

ለነገሩ ሞተሩም ቢሆን ብርድን ባይወድ አይፈረድበትም፤ ከመነሻው የተወለደው ለሙቀት ነው። ኦሌ ኤቨንሩድ በ1877 ኖርዌይ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የመጣ፣ በጎረቤታችን በዊስኮንሲን ያደገ ባለሙያ ነበር። ታሪኩ እንደሚነገረው አንድ የሚያቃጥል የኦገስት ቀን ከወዳጆቹ ጋር ኦካውቺ ሐይቅ ዳር ሽርሽር ወጥቶ ሳለ፣ በኋላ ሚስቱ የሆነችው ቤስ አይስክሬም አማረኝ አለች። ኦሌ ያንን ሁሉ ውሃ ቀዝፎ ሄደ፣ ቀዝፎ ተመለሰ፤ አይስክሬሙ ግን ሾርባ ሆኗል። ሌላ ሰው ቢሆን “ሁለተኛ እንዳያምርሽ” ይል ነበር፤ ኦሌ ግን ጀልባ ጀርባ ላይ የሚታሰር ሞተር ሠራ። በ1909 ገበያ ላይ ሲያወጣው ጉልበቱ አንድ ተኩል ፈረስ፣ ክብደቱ 28 ኪሎ ያህል ነበር። ማስታወቂያውን የጻፈችው ራሷ ቤስ ናት፤ ሕዝቡን አትቅዘፉ፣ መቅዘፊያችሁን ወርውራችሁ ጣሉ አለች። ኤቨንሩድ የሚለው ስም ሞተር ላይ እየተለጠፈ እስከ 2020 ዘለቀ። ቤስን አከብራታለሁ፤ ነገር ግን ሚል ላክስ ላይ በግንቦት ወጥታ የምታውቅ አይመስለኝም። የኛ ጀልባ ሁለት መቅዘፊያ አላት፤ የባሕር ዳሩ ልጅም ሁለቱን ከዓይኑ አያርቃቸውም። በዚህ ነገር ልክ ነው።

አንድ አልፎ አልፎ የሚመጣ፣ ተንኮለኛ በሽታ ደግሞ አለ። አየሩ እርጥብና ቀዝቀዝ ያለ ሲሆን ካርቡሬተሩ ውስጥ የሚተነው ቤንዚን ሙቀቱን ይወስድበትና ጉሮሮው ላይ በረዶ ይጋገራል። ሞተሩ ጥቂት ከሄደ በኋላ ታፍኖ ይጠፋል። እናንተ ስትጨቃጨቁ በሞተሩ ሙቀት በረዶው ይቀልጣል፤ ከዚያ በመጀመሪያው ንክኪ ይነሳል። ያነሳው የመጨረሻው ሰው ታዲያ ዕድሜ ልኩን “እኔ ነኝ የሠራሁት” ሲል ይኖራል።

ብርዱ በእርግጥ ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘው በጥቅምት መጨረሻ፣ በወቅቱ የማብቂያ ጉዟችን ላይ ነው። ዋዜማውን ሐይቅ ላይ ውለን ባለጀልባው ሞተሩን ወደ ላይ አጋድሞ ተጎታቹ ላይ አሳደረው። ሞተር ተጋድሞ ሲያድር በውስጡ የቀረው ውሃ አይወርድም። ሌሊቱን ከዜሮ በታች ወረደ። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ ከታች የማርሹ ቤት ውስጥ ገብቶ ከሆነ ብረቱን ይሰነጥቀዋል፤ በየጥቅምቱ የማርሹን ዘይት ጠብ አድርጎ ማየት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ ነጥቶ ከወጣ በፓራኦሊዮው በኩል ውሃ እየገባ ነው። እኛን እግዜር ከሱ አተረፈን። የቀዘቀዘው ፖምፓው ነበር። የአውትቦርድ ፖምፓ የጎማ ክንፎች አሉት፤ በረዶ ይዟቸው ሳለ ሞተሩ ከተነሳ ይበጣጠሳሉ፤ ማቀዝቀዣ ውሃ የማያገኝ ሞተር ደግሞ በደቂቃዎች ይጋያል። ለዚህ ነው ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ከጎኑ በቀጭኑ የምትወርደውን ውሃ የምናየው። ወጣቶቹ “ሸና ወይ?” ብለው ይጠይቃሉ፤ ጋሼ በጨዋ ቋንቋ “ውሃው ይወርዳል ወይ?” ይላሉ። ካልወረደች ቀዳዳዋን በወፍራም የዓሣ ናይለን መጎርጎር ነው፤ ሸረሪትም ጭቃም ይዘጋታል።

ያን ዕለት ባለጀልባው ወዲያው ሊያስነሳው ቁልፉን ያዘ። ከጎናችን ጀልባ የሚያወርዱ አንድ የአገሬው ሽማግሌ እጃቸውን አነሱና ሞተሩን ወደ ሐይቁ ዝቅ አድርጋችሁ ተቀምጣችሁ ቡና ጠጡ አሉን። ጋሼ ተቆጡ። “በብርድ የታመመን በቀዝቃዛ ውሃ ነክሮ ማዳን የት አገር ነው?” ሽማግሌው ግን ልክ ነበሩ። ሌሊቱን አየሩ ከዜሮ በታች ወርዶ ነበር፤ ሐይቁ ግን ሐይቅ ነውና፣ እስካልረጋ ድረስ ከዜሮ በታች ሊሆን አይችልም፤ ያን ዕለት እንዲያውም በርከት ያሉ ዲግሪዎች ከዜሮ በላይ ነበር። በዚያ ጠዋት አካባቢው ላይ ካለው ነገር ሁሉ፣ ከቡናችን ቀጥሎ፣ ሞቃቱ ሐይቁ ነበር። ከቴርሞስ ሁለተኛው ዙር ሳያልቅ በረዶው ቀለጠ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ ውሃውም በቀጭኑ ወረደ። ጋሼ አላመኑም። አሁንም አያምኑም።

በቀጣዩ ግንቦት ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ባለጀልባው መንጠቆ ከኋላ እየጎተተ በቀስታ መሄድ ይወዳል፤ ከጠዋት እስከ ማታ በሚኒሞ። አንድ ማለዳ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ሲያወጣው ዘይቱ ከሙሉው መስመር በላይ ሆኗል። ጠርጎ መልሶ ነከረው፤ ያው ነው። “እዩልኝ! አልበላም ብቻ አይደለም፣ ጨምሯል!” የባሕር ዳሩ ልጅ ሳይዘገይ፣ ሳይስቅ፣ የሰራፕታዋ መበለት ማሰሮ ነው አለ፤ በኤልያስ በረከት ዘይቱ አላልቅ ያለላት ሴትዮ። ጋሼ ዘንጉን ተቀበሉ፣ ዘይቱን በጣታቸው መካከል አሹት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። “በረከት አይደለም፤ ቤንዚን ነው” አሉ። የአሰብ መንገድ አፍንጫ አልሳተም። ቀዝቃዛ ውሃ ላይ በቀስታ ሲሄድ የዋለ ሞተር ጨርሶ ሳይሞቅ ይውላል፤ በፒስቶኑ ጎን ሾልኮ ወደ ዘይቱ የሚወርደው ቤንዚን ተኖ አይወጣም፤ ዘይቱ እየቀጠነ መጠኑ ይጨምራል። የቀጠነ ዘይት ደግሞ ብሮንዚና አይጠብቅም።

“ታዲያ ምንድነው ምክንያቱ?” አሉን። ሞተሩን ያሳየነው የጥገና ጋራዥ ሰው ያለውን ነገርናቸው፦ ሞተሩ ከመጠን በላይ ቀዝቅዟል። ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ራዲያተር ላይ ውሃ ሲጨምሩ የኖሩ ሰው፣ ሚሌ ላይ ሞተር ሲቀዘቅዝላቸው ተንበርክከው ያመሰገኑ ሰው፣ ሞተር ቀዝቅዞ ይታመማል ይባሉ? በሳቸው ዘመን ብዙ ሾፌር ቴርሞስታቱን አውጥቶ ነበር የሚጥለው፤ ለኛም “አውጥታችሁ ጣሉት” ሲሉን ከርመዋል። ደግነቱ አልሰማቸውም እንጂ ባለጀልባው ሊሰማቸው ጥቂት ቀርቶት ነበር። የጀልባ ሞተር እኮ ራዲያተር የለውም፤ የሐይቁን ውሃ በቀጥታ እየሳበ ነው የሚቀዘቅዘው። ቴርሞስታቱ ውሃውን ዘግቶ፣ ሞተሩ 60 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ የሚጠብቅ በር ጠባቂ ነው። አንዲት አሸዋ ወይም የሣር ቁራጭ ገብታ ክፍት አድርጋ ካስቀረችው፣ በስምንት ዲግሪ ውሃ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ይታጠባል፤ ሚኒሞ አይይዝም፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ዘይቱ ይበረክታል።

ቴርሞስታት ደህና መሆኑ የሚታወቀው ወጥ ቤት ነው። በክር አንጠልጥሎ ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ ነክሮ፣ ቴርሞሜትር ከጎኑ አድርጎ፣ ማሞቅ። የባለጀልባው ሚስት ከሥራ ስትመለስ አራት ወንድ ምድጃዋን ከቦ፣ የሽሮ ድስቷ ውስጥ ዓይኑን ተክሎ አገኘች። “ምን እየሠራችሁ ነው?” ስትል ማንም አልመለሰላትም፤ ቴርሞሜትሩ 58 ላይ ነበር። 60ን ሲያልፍ ያቺ ትንሽ የናስ ነገር ቀስ ብላ ተከፈተች። አጨበጨብን። ክፍት ሆኖ የቀረው አሮጌው ነበር፤ ይኼ የሞከርነው አዲሱ ነው። ሴትዮዋም አዲስ ይገዛ አለች፤ እሷ ያለችው ግን ድስቱን ነው።

ዘይቱ ተቀየረ፣ አዲሱ ቴርሞስታት ገባ። የጋራዡ ሰው ያዘዘው ግን አንድ ነገር ተረፈ፦ በቀስታ ሲሄድ የዋለ ሞተር በየመሃሉ ሞቅ እስኪል ድረስ በፍጥነት መነዳት አለበት፤ ዘይቱ ውስጥ የገባው ቤንዚን ተኖ እንዲወጣ። አሁን በየሰዓቱ መንጠቋችን ይሰበሰብና ጀልባዋ ሐይቁን ሰንጥቃ ትበራለች። በጸጥታ ዓሣቸውን የሚጠብቁት ፈረንጆች ቀና ብለው ያዩናል፤ የባሕር ዳሩ ልጅ በትሕትና ኮፍያውን አንስቶ ሰላምታ ይሰጣቸዋል። ጋሼ ጋቢያቸው በነፋስ እየተርገበገበ ከፊት ይቀመጣሉ፤ ደንበኛ ሥራቸውን ያገኙት አሁን ነው።

“ርገጠው! ገና አልሞቀም!”

“ጋሼ፣ ይኼ የሚረገጥ የለውም፤ በእጅ ነው።”

“እንግዲያው ጠምዝዘው!”